ጊዜያዊ ተብሎ የከረመ

በአገራችን «ጊዜያዊ» የተባለ ነገር ዕድሜው ረዥም ነው። ለጊዜው ተብሎ በተመታ ቆርቆሮ ቤት ልጅ ተወልዶ ይዳርበታል። ለጊዜው የተወከለ ኃላፊ ከዚያው ወንበር ጡረታ ይወጣል። እኛ ተማሪዎችማ ነገሩን በእጃችን ይዘነው እንወጣለን። በምረቃ ሰሞን የሚሰጠን ወረቀት «ቴምፖራሪ» ነው፤ ዋናው ዲግሪ የወጪ መጋራቱ ዕዳ እስኪከፈል ይጠብቃል። ስንቶቹ ታላላቆቻችን ናቸው በዚያች ወረቀት ተቀጥረው፣ አግብተው፣ ልጅ ያሳደጉ! ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ስለ ሌላ ጊዜያዊ ነው። ይኼኛው የከረመው በኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው መንፈቅ ጥቂት የቋንቋና የፎክሎር ተማሪዎች ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ በሐይቁ ዳር እየተመላለስን የሽማግሎችን ድምፅ ስንቀዳ ከረምን። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ የነገደ ወይጦ አባቶች፣ የዘጌን ቡና ሲለቅሙ ያረጁ እናቶች፣ እንጨት በታንኳ ጭነው ወደ ከተማ ሲቀዝፉ የኖሩ ሰዎች አወጉን። የቀዳነውን ለማስቀመጥ ወደ አንድ ክፍል ሄድን፤ የቤቱን ስም እንለፈው። እዚያ ያለችው ኮምፒዩተር ከኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች የሰበሰቡት ተረት፣ ቃል ግጥምና የሠርግ ዘፈን ማከማቻ ናት። ፋይሉን ስናስገባ «ቦታ የለም» አለችን። 500 ጊጋባይት የሚይዘውን ዲስክ ምን ዋጠው? የተማሪው ሥራ ሁሉ ቢደመር 100 አይሞላም!

ክፍሉን የሚጠብቁት ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አብረውን ፈለጉ። በአንድ ፎልደር ውስጥ በቁጥር ብቻ የሚለያዩ፣ የስማቸው መጨረሻ «ቴምፕ» የሚል ፋይሎች ተደርድረው አገኘን። ቢደመሩ ከ300 ጊጋባይት አለፉ።

«የማን ነው ይኼ ሁሉ፣ ጋሼ?»

«የባክአፑ ነው፣ ልጆቼ። መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጠው ፕሮግራም የጣለው ነው።»

ሳቅንም፣ ደነገጥንም። 300 ጊጋባይት ለሌላው ቁጥር ነው፤ ለኛ ግን ሰዓት ነው። ሳይጨመቅ በሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ በሰዓት ከ600 ሜጋባይት ጥቂት ይበልጣል። እንግዲህ አስሉት፤ ቆሻሻው የያዘው ከ450 ሰዓት የማያንስ የሽማግሌ ወግ ቦታ ነው።

ለመሆኑ እንዴት እንዲህ ይሆናል? የባክአፕ ፕሮግራም የትኛውን ፋይል መቼና ወዴት እንደገለበጠ የሚጽፍበት የራሱ ዳታቤዝ አለው። ሌሊት ሥራ ሲጀምር ጊዜያዊ ፋይል ይከፍትና እዚያ ላይ ይሠራል፤ ሲጨርስ ያንኑ ደምስሶ ይሄዳል። ብራና ፋቂ የቆዳውን ፍቅፋቂ ጠርጎ እንደሚነሣ ማለት ነው። ሥራው መሀል ላይ ሲቋረጥ ግን ጠራጊ የለም። በከተማችን ደግሞ መቋረጥ ብርቅ አይደለም። የጢስ ዓባይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ጎረቤታችን ነው፤ ከዚሁ ከጣና ውሃ ስቦ 460 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስም እ.ኤ.አ. በ2010 ተመርቋል። ምን ይደረግ፣ መብራት ሲያሰኛት ትሄዳለች! ደህና ፕሮግራም በማግሥቱ ሲነሣ የትናንቱን ትርፍራፊ ፈልጎ ያጸዳል። የዚያ ክፍል ፕሮግራም ግን አርጅቷል፤ ሠሪዎቹም ማደስ ካቆሙ ቆይተዋል። የትናንቱን ረስቶ፣ አዲስ ስም አውጥቶ፣ አዲስ ፋይል ይከፍታል። መብራት በሄደች ቁጥር አንድ ይጨመራል።

የባሰው ደግሞ ይኼ ነው፤ ዲስኩ ሲሞላ ቅጂው ራሱ ቆመ። የመጨረሻው ሙሉ ቅጂ የተወሰደው ከ7 ወር በፊት ነበር። ፕሮግራሙ «አልቻልኩም» እያለ በየሌሊቱ ጽፏል፤ የጻፈበትን መዝገብ የሚከፍት ግን አልተመደበም። የጎተራ ጠባቂ አልጋውን ጎተራው ውስጥ ዘርግቶ እህሉን ቦታ አሳጣው እንደማለት ነው።

ከመካከላችን አንዱ «በቃ፣ ሁሉንም እናጥፋው» ሲል ጋሼ እጁን ያዙት። «ስሙ ጊዜያዊ ስለሆነ ብቻ አይጣልም። አሁን እየሠራበት ያለው ቢኖርስ? መዝገቡን አብረህ ትሰብረዋለህ» አሉት። እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ ፕሮግራሙን አስቆሙት። ቀጥሎ የየፋይሉን ቀን አዩ፤ ወራት ያለፋቸውን ለይተው ወደ ሌላ ዲስክ አዛወሩ። ከዚያም ፕሮግራሙን አስነሥተው አንድ ሌሊት አሠሩት። ጠዋት ከቅጂው አንድ የሠርግ ዘፈን መልሰው አውጥተው አስከፈቱን። ዘፈኑ ደህና መሆኑ ሲታይ ነው ያረጀው የጠፋው።

ታዲያ ይህም መድኃኒት አይደለም፤ እፎይታ ነው። የጣና ልጅ እምቦጭን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ መታየቱ ከተመዘገበ ወዲህ ስንት ሕዝብ ወገቡን አጉብጦ ነቀለው! ዘሩ ግን ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ዳር ላይ የተከመረውም ውሃ ሲሞላ ይመለሳል። ፋይሉን ብንነቅል አሮጌው ፕሮግራም ካልተለወጠ፣ መብራት ሲጠፋ ጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ ካልገባ፣ መዝገቡን የሚያይ ሰው ካልተመደበ፣ በዓመቱ እዚያው ነን።

ቅጂ ማስቀመጥ ለዚህ ሐይቅ እንግዳ ነገር አይደለም። በክብራን፣ በሬማና በዳጋ እስጢፋኖስ ያሉ ብራናዎች ከትውልድ ትውልድ የደረሱት እየተገለበጡና እየተጠበቁ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከጀርመን የመጣው ምሁር ኤርንስት ሐመርሽሚት ብዙዎቹን በማይክሮፊልም አነሣ። ፊልሙ ግን በቁሙ ሣጥን ውስጥ አልተረሳም። የመጀመሪያው የካታሎግ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ሁለተኛው በ1977 ወጣ፤ ሦስተኛውን፣ የዳጋ እስጢፋኖስን፣ ቬሮኒካ ሲክስ በ1999 አወጣችው። ማንሳቱ ወራት ቢፈጅ ማንበቡ ሠላሳ ዓመት ፈጀ! ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ተቀምጠው የአገራችንን ብራናዎች ማይክሮፊልም እያገላበጡ ሲመዘግቡ ነው ዕድሜያቸውን የሰጡት። ቅጂ ቅጂ የሚሆነው የሚከፍተው ሰው ሲኖረው ነው። የማይከፈት ቅጂና ያረጀ ቴምፕ ፋይል ልዩነታቸው ስም ብቻ ነው።

ምን ያስቸኩላል የሚል ቢኖር፣ ያወጉንን የነገደ ወይጦ አባቶች ያስብ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 አካባቢ በዚህ ሲያልፍ ከሌላው የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጻፈ፤ ቋንቋውን ግን ሊመዘግብ አልቻለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጡት አጥኚዎች ያገኟቸው አማርኛ ሲናገሩ ነው። ያ ቋንቋ ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ የሚነግረን የለም። ያን ጊዜ መቅጃ አልነበረም፤ ዛሬ በየኪሳችን አለ። አሁን የቀሩት ሽማግሎች የታንኳውን አሠራር፣ የማዕበሉን ምልክት፣ የደንገሉን ዓይነት ሊነግሩን ፈቅደው ሲያበቁ «ቦታ የለም» ብንላቸው ምን ይባላል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ በየትምህርት ክፍላችሁ የቀደሙን ሰዎች ሥራ የተከማቸባት አንዲት ኮምፒዩተር አትጠፋም። ሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። የመጨረሻው ሙሉ ቅጂ የተወሰደው መቼ ነው? ከቅጂው አንድ ፋይል ተመልሶ ወጥቶ ተከፍቶ ያውቃል? ጠራጊው ማነው? ለሦስተኛው ጥያቄ የሰው ስም ካላገኛችሁ፣ ወረቀት አምጥታችሁ የራሳችሁን ጻፉና ከኮምፒዩተሯ አጠገብ ለጥፉት። እኛ ለጥፈናል። ዓርብ ዓርብ ተራ ገብተን እናያለን፤ ስንመረቅ ደግሞ ለሚተካን አስረክበን እንወጣለን።