ነጻው ይሻላል ወይስ የሚከፈልበት?

ሰሞኑን መካነ ኢየሱስ ላይ የሰፈራችንን ዕድር መዝገብ «ወደ ኮምፒውተር እናስገባው» ብለን ተነሳን። ሽማግሌዎቹ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስንት ያስከፍላል?»

እኛም ሒሳብ ውስጥ ገባን። ኤርቴብል የተባለው የኢንተርኔት ዳታቤዝ በ2023 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ዋጋ፣ በነጻ የሚሰጠው ለአንድ መዝገብ 1,000 መስመር ነው። የእኛ 300 አባል በየወሩ ሲከፍል 300 መስመር ይሞላል፤ በአራተኛው ወር ነጻው አለቀ! የሚከፈልበት 50,000 መስመር ይይዛል። ዋጋው ግን መዝገቡ ላይ ለሚጽፍ አንድ ሰው በወር 20 ዶላር ነው፤ ያውም የዓመቱ ባንዴ ተከፍሎ። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ሲደመሩ 60 ዶላር። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ100 ብር አልፏል፤ በ100 ብንመታው እንኳ 6,000 ብር! 300 አባል ሃያ ሃያ ብር ቢያዋጣስ? እሱም 6,000። ለድንኳን የተዋጣው ለመዝገብ አለቀ ማለት ነው።

እናም መላ መታን፦ ለአንድ አባል አንድ መስመር፣ ወራቱ ወደ ጎን። 300 መስመር ብቻ፣ በነጻ።

ደስ ብሎን ስናበቃ አንድ አባት «ኔትወርክ በጠፋ ሌሊት ሰው ቢሞትስ? መክፈሉን በምን እናውቃለን?» አሉን። ዝም አልን። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡን ማን ይረሳል?

ስለዚህ በየወሩ ፕሪንት እናደርገዋለን፤ አሮጌው ባሕር መዝገብም ከገንዘብ ያዡ ቤት አልወጣም። ሞት ኔትወርክ እስኪመጣ አይጠብቅምና!