የማን ልጅ ነው?

እማዬ የተወለደችው ጉና ተራራ ሥር ነው። በ15 ዓመቷ ተድራ አዲስ አበባ ከገባች በኋላ አገሯን ያየችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱም ለለቅሶ። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ “ጉልበቴ እንቢ ብሏል፤ እናንተ ሄዳችሁ ጉናን አምጡልኝ” አለችን፤ እኔንና የ16 ዓመት ልጄን።

ጥቅምት ላይ ተነሳን። እኔ አባቴ የተወልኝን ዘኒት ያዝኩ። የሶቪየት ካሜራ ነው፤ እንደ ሚዛን ብረት ይከብዳል፤ የብርሃን መለኪያውም ከሞተ ቆይቷል። ፊልም ከገበያ ስለጠፋ ውጭ አገር ያለች እህቴ አንድ ጥቅል ላከችልኝ። 36 ፎቶ፣ በቃ። ልጄ ከአጎቷ የተዋሰችውን ዲጂታል ያዘች።

ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፎገራ ላይ የሩዙ ማሳ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር። ይህን ሜዳ የሚያጠጡት ርብና ጉማራ ከጉና ተነስተው ጣና የሚገቡ ወንዞች መሆናቸውን ለልጄ ስነግራት እሷ በመስኮት ታነሳለች። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን ዳገቱን ስንጀምር እኔ 2፣ እሷ 140 ደርሰን ነበር። “አባዬ፣ ቆጥበህ ቆጥበህ ልትመልሰው ነው?” አለችኝ።

ጋፋትንም አየን። የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል እዚያ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. እየተጎተተ መቅደላ ገባ። ዛሬ ግን ለካሜራ የሚሆነው ኮረብታና ሣር ነው። አንድ አነሳሁ፤ እንዲያው ለወጉ።

በማግስቱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከደብረ ታቦር ወጣን። የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ መኪናውን ትተን በእግር ስንወጣ በየሃያው እርምጃ እቆም ነበር። የገብሱ ማሳ አለቀ፤ ቀጥሎ አስታው፣ ከዚያ ሣሩና ጅብራው። ጅብራ በጭጋግ ውስጥ ከሩቅ ሲያዩት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። ጉም ስለነበር ተቀምጠን ጠበቅን። ልጄ ጉሙንም አነሳችው።

ፀሐይ ስትወጣ ጉሙ እንደ ነጠላ ተገፈፈ። አባቴ ያስተማረኝን አስታወስኩ፦ በ100 ፊልም፣ ፀሐይ ሙሉ ከሆነ፣ ሌንሱን 16፣ ፍጥነቱን 125 ላይ። አንድ ግራጫ ጋቢ የለበሰ እረኛ ልጅ በጎቹን ትቶ መጣ። ልጄ አነሳችውና ራሱን በስክሪኑ ስታሳየው ሳቀ። እኔም አነሳሁት፤ ወዲያው ዘኒቱን ተቀብሎ ጀርባውን ገልብጦ ራሱን ፈለገ። ጥቁር ብረት ነው። “ይሄ ተበላሽቷል” ብሎ መለሰልኝ።

ፊልሙን የሚያጥብ ፎቶ ቤት አዲስ አበባ ላይ ማግኘት ራሱን የቻለ ጉዞ ነበር። ከ36ቱ 19 ወጣ። ተራራው በእኔ ፎቶ ገርጥቷል፤ በልጄ ግን ድንጋዩ ሁሉ ይቆጠራል። ሽንፈቴን ዋጥኩ። የልጄ 600 ፎቶ ግን ካርዱ ውስጥ ሁለት ወር ተኛ፤ በካሜራው ስክሪን ብታሳያት እማዬ “ምንም አይታየኝ” አለች። በኋላ የተሻሉትን አሳጥበን፣ ከእኔዎቹ ጋር ቀላቅለን ጭኗ ላይ አስቀመጥንላት።

ተራራውን አለፈችው። መነጽሯን አድርጋ ከሥሩ ያለውን ማሳ በጣቷ ተከተለች፤ “ይሄ ሁሉ ባሕር ዛፍ መቼ በቀለ? ወደ ምንጩ መውረጃው የት ሄደ?” እያለች። ከዚያ ያን እረኛ ልጅ አገኘችው። የእኔ ፎቶ ነው፤ ትንሽ ደብዝዟል።

“ይሄ የማን ልጅ ነው?”

ዝም አልን።

“አባቱን አልጠየቃችሁትም? ስሙንስ? ይሄ ግንባር የእኛ ሰው ግንባር ነው። የዘመድ ልጅ ቢሆንስ? ፎቶውን አንስታችሁ ስሙን ትታችሁ መጣችሁ?”

ልጄ አቀረቀረች። ስለ ሌንስ ሁለት ቀን ሙሉ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ይህን ግን ሳላስተምራት ቀረሁ። ለፋሲካ ተመልሰን ለልጁ ፎቶውን እንደምንሰጠውና ስሙን እንደምናመጣላት ቃል ገባን። ፋሲካው በሥራ፣ የሚቀጥለው በኮሮና አለፈ። እማዬ በ2013 ዓ.ም. አረፈች። ከዚያ ወዲህ ደግሞ መንገዱ እንደ ያኔው ልጅ ይዘው በልበ ሙሉነት የሚነሱበት አልሆነም።

ልጁ ዛሬ ጎረምሳ ነው። ሁለት ቅጂ አሳጥበናል፤ አንዱ እማዬ አልጋ ራስጌ የነበረው ነው፤ ሌላው ፖስታ ውስጥ ነው። ልጄ ከጀርባው “ጉና፣ ጥቅምት 2011፣ ባለ ግራጫ ጋቢው” ብላ ጽፋ፣ ለስሙ የሚሆን አንድ መስመር ባዶ ትታለች።