ከኑግ የተገኘ ሰሊጥ

እናቴ ከሜጫ ወደ ባሕር ዳር ስትመጣ ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ለዐቢይ ጾም መግቢያ ስትመጣም አንድ ቁና ኑግ፣ ግማሽ ቁና ተልባና በፌስታል የተቋጠረ አቮካዶ ይዛ ነበር። ስንቁን ተቀብዬ ከወጥ ቤቱ ላይኛ መደርደሪያ ሰቀልኩት። "ቆይ እማዬ፣ መጀመሪያ ጤናሽን እንይ" አልኳት።

የደም ምርመራው ኮሌስትሮሏ ከፍ ማለቱን አሳየ። ሐኪሙ "ቅባት ቀንሱላቸው" አሉ። እኔ የሰማሁት ግን "ቅባት አጥፉ" የሚል ነበር። ቅቤው በጾሙ ምክንያት ከቤት ወጥቷል፤ እኔ ዘይቱንም አስከተልኩት። ሽሮው በውሃና በሽንኩርት ብቻ ተንተከተከ። ጎመኑ ተቀቅሎ ቀረበ። ተልባውም "ዘይት አለበት" ተብሎ ተከለከለ። ልጆቼና ባለቤቴ አኮረፉ። እናቴ ግን "እግዜር ይስጥልኝ" እያለች የቀረበላትን ትጎርስ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ጉርሻዋ አነሰ፤ ቀሚሷም ሰፋት። አንድ ቀን አልጋዋን ሳነጥፍ ከፍራሹ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ የተወቀጠ ተልባ አገኘሁ። ለካ የጎረቤት ልጅ ለምና ያስወቀጠችው ነው። ሰባ ዓመት ያለፋት እናቴ በገዛ ልጇ ቤት ምግብ ደብቃ! ስጠይቃት መሬት መሬት አየች።

"ነውር ሆኖብኝ ነው ልጄ። ሆዴ ከደረቀ አምስት ቀኔ ነው።"

በማግስቱ ወደዚያው ሐኪም ተመለስን። "እማማ፣ ወጡ ዘይት የለውም እንዴ?" ብለው ጠየቋት። እናቴ ወደ እኔ ዞር አለች። እሳቸውም ዞሩ። "ቀንሱና አጥፉ አንድ ነው እንዴ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሆድ ቅባትን ምን ያደርግለታል?

ያን ቀን የተነገረኝንና በኋላም አንብቤ የተረዳሁትን ባጭሩ ላካፍላችሁ። ቅባት ያለበት ምግብ ከጨጓራ አልፎ ትንሹ አንጀት ሲደርስ፣ አንጀት በሆርሞን አማካኝነት መልእክት ይልካል። የሐሞት ከረጢት ይጨመቅና ሐሞት ይለቃል፤ ቆሽትም ቅባት የሚሰብር ኢንዛይም ይጨምራል። ሳሙና የሳህን ቅባትን እንደሚበትን ሁሉ ሐሞትም የምግቡን ቅባት ይበትነዋል። ቅባት ለረጅም ጊዜ እጅግ ሲያንስ ግን ከረጢቱ እንደሚገባው አይጨመቅም። ሰውየው በዚያው ላይ ቶሎ ከከሳ የሐሞት ጠጠር ሊፈጠርበት ይችላል።

ስንበላ ትልቁ አንጀት እንዲንቀሳቀስ ከሚቀሰቅሱት ነገሮችም አንዱ ቅባት ነው። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ደግሞ ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገቡም። ያን ሁሉ ጎመን ያለ ጠብታ ዘይት ቀቅዬ ሳቀርብ ከጥቅሙ ብዙውን እያስቀረሁባት ነበር ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር የእናቴን ሆድ ያደረቀው የዘይቱ መጥፋት ብቻ አይደለም። ምግቡ ስላልጣማት ትንሽ ትበላ፣ ትንሽም ትጠጣ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ሆዷን የሚያለሰልስላትን ተልባ ከልክያታለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሳቅ አላት። "ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ ማለት ይኸው ነው። ጥፋቱ የቅቤ፣ ቅጣቱ የተልባ።"

እውነቷን ነበር። ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው በተለይ እንደ ቅቤና እንደ ፓልም ዘይት ያለው፣ ቀዝቀዝ ሲል የሚረጋው የቅባት ዓይነት ነው። በመስከረምና በጥቅምት የሜጫን ማሳ ቢጫ የሚያለብሰው የኑግ ዘይት፣ የሰሊጥና የአቮካዶም ቅባት በአብዛኛው የማይረጋው ዓይነት ነው። ተልባ ኦሜጋ 3 የተባለው ቅባት በብዛት አለው፤ ውሃ ሲነካው የሚያዝለገልገው አሰር ደግሞ ሰገራን ያለሰልሳል። አቮካዶም ከቅባቱ ጋር አሰር ይዟል።

ታዲያ መጠን አለው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ ከካርቦሃይድሬት ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አዋቂ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከቅባት የሚመጣው ከ30 በመቶ፣ ከሚረጋው ዓይነት የሚመጣው ደግሞ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል።

ከመደርደሪያው የወረደው ስንቅ

የዚያኑ ዕለት ኑጉንና ተልባውን አወረድኩ። አሁን በቤታችን ዘይት በጠርሙስ አይንቆረቆርም፤ በሾርባ ማንኪያ እየተለካ ይገባል። ተልባው ታምሶ ይወቀጣል፤ ሳይፈጭ ከተዋጠ አብዛኛው እንዳለ ይወጣልና። ብዙ ውሃ ይጠጣበታል፤ ያለ ውሃ ራሱ ሆድ ያደርቃል። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ተልባውን ከመድኃኒቱ ሰዓት ማራቅ አለበት።

ከፋሲካ በኋላ እናቴን ወደ ጣና ዳር ወሰድኳት። ልጆቹ የተጠበሰ ቀረሶ አዘዙ። እሷ ብረት ድስቱ ውስጥ የጠቆረውን ዘይት አየችና "ይሄ ስንቴ ተጠብሶበታል?" አለች። ደጋግሞ የጋለ ዘይት ይበላሻል። ቅባት ሲበዛም ምግብ ጨጓራ ውስጥ ስለሚቆይ ቃር ላለበት ሰው አይስማማም። እሷ የአሳ ሾርባ ጠጣች፤ ጎን ለጎንም አቮካዶ በሎሚ። ሐይቁን እያየች ሳህኗን ስትጠርግ ሳይ አንጀቴ ራሰ።

ሆድ ድርቀት ሲሰነብት፣ ደም ሲታይ፣ ያለ ምክንያት ክብደት ሲቀንስ ወይም ከስብ ምግብ በኋላ ቀኝ ጎን ከጎድን ሥር ሲወጋ መፍትሔው ተልባ ሳይሆን ሐኪም ነው። የእናቴ ኮሌስትሮልም አሁን በክትትል ላይ ነው።

ሜጫ ከተመለሰች ወዲህ በየእሑዱ እደውላለሁ። ድሮ የምጠይቃት ስለ ምርመራ ወረቀቷ ነበር። አሁን ግን "ሆድሽስ እማዬ?" እላታለሁ፤ እሷም ሳታፍር ትነግረኛለች።