ልበ ሙሉ

አማርኛችን ልብ ላይ የማይጭነው ነገር የለም። ደፋሩን ልበ ሙሉ፣ ዝንጉውን ልበ ቢስ ይለዋል። እኔ ደግሞ በ23 ዓመቴ ልቤ ቀዳዳ እንዳለው ተነገረኝ፤ ቅኔ አይደለም፣ የእውነት ቀዳዳ፣ በሁለቱ የላይኛው ክፍሎች መካከል።

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ስወጣ የካቲት 12 ሐውልት እስክደርስ ሦስቴ እቆም ነበር። «አንተ የመተሐራ ልጅ፣ ደጋው ነው የጣለህ!» ይሉኛል የዶርም ልጆች። ያሳምናል፤ መተሐራ ቆላ ናት፣ አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች። አንዱ ክሊኒክ «ደም ማነስ» አለኝ፤ ሌላው «የፈተና ጭንቀት»። ሦስተኛው ልቤን ጠረጠረና ያለ ኤኮ የወር ፔኒሲሊን ጀመረልኝ። እኛ አገር የወጣት ልብ ሲታመም ቀድሞ የሚታሰበው ከቶንሲል የሚነሣው ሩማቲክ ነው፤ ብዙ ጊዜም እርሱው ሆኖ ይገኛል።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አኑረው ዝም አሉ። «ሳብ… ተንፍስ…» ሁለተኛው የልብ ድምፅ ለሁለት ይከፈላል፤ በጤነኛ ሰው ክፍተቱ ከትንፋሽ ጋር ይሰፋል፣ ይጠባል። የኔ ግን ንቅንቅ አይልም። ኤኮው አረጋገጠ። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሾልከው ደም ተመልሶ ወደ ሳንባዬ እየሄደ፣ ቀኝ ልቤ ይህን ሁሉ ዘመን ትርፍ ሥራ ሲሠራ ሰፍቷል፤ ያለ ደመወዝ!

እማዬ መጣች። ስለ ገንዘብ አልጠየቀችም። «ዶክተር፣ እርጉዝ ሆኜ ምን በልቼ ይሆን?»

«ምንም፣ እናቴ።»

ማኅፀን ሳለን ሳንባችን አየር ስለማይስብ ሁላችንም ልብ ውስጥ የደም መሿለኪያ አለን፤ ስንወለድ ይዘጋል። የኔ ግድግዳ ግን ሲሠራም ጎድሎ ነው የተሠራው፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም። ይህን ሁሉ አስረዷት። አንገቷን ነቀነቀች፤ ያመነች ግን አልመሰለኝም።

ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙበት፣ በ2001 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ግቢ የተከፈተው የልብ ማዕከል የተቋቋመው ለሕፃናት ነው፤ ወረፋውም ለዓመታት በሺዎች ሲቆጠር ኖሯል። ታዲያ ጢም ያበቀለ «ሕፃን» የት ይሰለፍ? ቅርጹ ከፈቀደ ቀዳዳው ደረት ሳይከፈት፣ በእግር ደም ሥር በሚገባ መሣሪያ ይደፈናል። የሳንባዬ የደም ግፊት ከልክ አልፎ ደሙ አቅጣጫውን ከቀየረ ግን መድፈኑ ራሱ ይገድላል።

የሚቀጥለው ምርመራ ይህንኑ ግፊት ይለካል። እማዬ ወደ መተሐራ አልተመለሰችም፤ ጉለሌ አክስቴ ቤት ተቀምጣ ቀኑን ትቆጥራለች።