684 ላይ መቱ

የዓለምን የሬዲዮ ጣቢያዎች በየአገሩ እየዘረዘረ በየዓመቱ የሚወጣ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አለ። መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ የሬዲዮ ፍቅር ያናወዛቸው ፈረንጆች እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ያረጀ ቅጂ እጄ ገባና የኢትዮጵያን ገጽ ገለጥኩ። በመካከለኛ ሞገድ ሰንጠረዡ ውስጥ ጌጃ አለ፤ ሐረር አለ፤ ሮቤና አርባ ምንጭም አሉ። ከእነሱ እኩል ተሰልፋ ደግሞ መቱ፦ 684 ኪሎ ኸርዝ፣ 100 ኪሎ ዋት።

ለመቱ ሰው ይህ ወሬም አይደለም። እኔን ግን ከነከነኝ፤ ወገኔ ጎሬ ነዋ።

በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁ ሁለት ከተሞችን ምን ያጣላቸዋል የሚል ካለ ኢሉባቦርን አያውቅም። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው ከተማ ናት። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ እንደራሴ የተባሉት ራስ እምሩ ኋላ መጥተው የተቀመጡት ጎሬ ነው። ጣሊያን በኅዳር 1929 እስኪደርስ ድረስ «የኢትዮጵያ መንግሥት የት ነው?» ብሎ ለጠየቀ መልሱ ጎሬ ነበር። እዚያው የነበረው የእንግሊዝ ቆንስልም ወሬውን በቴሌግራም ለለንደን ያቀብል ነበር። ስለዚህ ዓለም የኢሉባቦርን ነገር መጀመሪያ የሰማው ከጎሬ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ቢሆንብኝም ግድ የለኝም። ከዚያ በ1970 ዓ.ም. ገደማ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት ተነጥቆ ለመቱ ተሰጠ። ቢሮው ወረደ፣ ፋይሉ ወረደ፣ ሹሙ ወረደ። ይህ አልበቃ ብሎ የሬዲዮው ማሰራጫም መቱ!

ጎሬ ተወልደው ያደጉት አጎቴ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። «ማማ የሚተከለው ከፍታ ላይ ነው» ይላሉ። «ጎሬ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ናት። መቱ ጉድጓድ ውስጥ ናት። ከጉድጓድ ውስጥ የተጮኸ የት ይደርሳል?» ነገሩ አሳማኝ ስለመሰለኝ ለዓመታት እኔም እየደገምኩ ሰው ሳሰለች ኖሬያለሁ። ሰንጠረዡን ካየሁ በኋላ ግን የሬዲዮ ቴክኒክ የተማሩ ሰዎችን አስቸገርኩ፤ መጻሕፍትም አገላበጥኩ።

አጎቴ ያሉት ለኤፍኤም ቢሆን ልክ ነበር። ኤፍኤም ዐይን ለዐይን ካልተያየ አይግባባም፤ ተራራ ይወዳል። መካከለኛ ሞገድ ግን በቀን የሚጓዘው መሬት ለመሬት እየተሳበ ነው። የሚፈልገውም እርጥበት ያለው፣ ኤሌክትሪክ እንደ ልብ የሚያስተላልፍ አፈር ነው እንጂ ከፍታ አይደለም። ሲመሽ ደግሞ ሽቅብ የወጣው ሞገድ ከሰማይ ታጥፎ ይመለስና ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያርፋል፤ ፊንላንድ ውስጥ ሌሊት ተቀምጠው የአፍሪካ ጣቢያ የሚያድኑ ሰዎች ያሉትም በዚህ ምክንያት ነው። የ684 ሞገድ ርዝመቱ 438 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ላለ ሞገድ የጎሬ ኮረብታ ለዝሆን እንደ ኩርንችት ነው። ኢሉባቦር ደግሞ በአገሪቱ ዝናብ እጅግ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ እርጥብ መሬት ፈልጎ የሚያጣ የለም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። «እሺ፣ እርጥብ መሬት ጎሬ የለም?» አሉኝ።

ጎሬ የዝናብ አገር መሆኗን እያወቅሁ ምን እላለሁ?

ቁጥሩ ሌላ ጣጣ አመጣ። የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ አንድ ወዳጄ ሰንጠረዡን አየት አደረገና «እስቲ በዘጠኝ ግደፈው» አለኝ። 684 በዘጠኝ ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። የሐረሩ 855ም አይተርፍም። የጌጃው 873፣ የሮቤው 972፣ የአርባ ምንጩ 828፣ አንዱም አይተርፍም። የሁሉም ቁጥሮች ድምር ደግሞ አሥራ ስምንት ነው፤ ስድስትና ስምንትና አራት፣ ዘጠኝና ሰባትና ሁለት፣ እንዲያ እያልክ ቀጥል። ወዳጄ ነገሩ የመንግሥት ጠንቋይ እጅ እንዳለበት ጥርጥር አልነበረውም። እኔም የዚያን ሌሊት በግማሽ አምኜ ነበር።

ጠንቋዩ ያለው ጄኔቫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 እዚያ የተሰበሰበ ጉባኤ የአውሮፓ፣ የአፍሪካና የእስያ መካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች ሁሉ በየ9 ኪሎ ኸርዙ እንዲደረደሩ ወሰነ። ድልድሉ ከ531 ተነሥቶ 1602 ላይ ያበቃል፤ ሥራ ላይ የዋለውም ኅዳር 14 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የመቱ ብቻ ሳይሆን የካይሮውም የለንደኑም ቁጥር በዘጠኝ ተገድፎ ያልቃል። አሥራ ስምንቱም ተአምር አይደለም፤ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር በዘጠኝ ከተካፈለ ድምሩ አንድም ዘጠኝ፣ አንድም አሥራ ስምንት፣ አልፎ አልፎ ሃያ ሰባት ቢሆን ነው። አሜሪካኖች ግን የራሳቸው ሰዎች ናቸውና የሚደረድሩት በየ10ሩ ነው። ለማነጻጸር ብዬ አንድ ጣቢያ መረጥኩ፤ ራኡል ኮርቴዝ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1946 ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ውስጥ የከፈተውንና ቀኑን ሙሉ በስፓኒሽ በመናገር በአሜሪካ ፈር ቀዳጅ የሆነውን ኬሲኦአርን። ቁጥሩ 1350 ነው። ይህም በዘጠኝ ይገደፋል። ለወዳጄ አልነገርኩትም።

ከሳን አንቶኒዮ ተነሥቼ ግሬንጀር የገባሁት በዚያው ነው። ግሬንጀር በዋሽንግተን ግዛት፣ በያኪማ ሸለቆ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ፖምና የቢራ ጌሾ የሚለቅሙ የሜክሲኮ ሠራተኞች አገር። እ.ኤ.አ. በ1979 መጨረሻ፣ ሮዛ ራሞን የተባለችው ሴት ሥራ አስኪያጅ ሆና፣ እዚያ አንድ ጣቢያ በስፓኒሽ መናገር ጀመረ። መለያ ፊደሎቹ ኬዲኤንኤ ናቸው፤ ሕዝቡ «ካዴና» ይለዋል። ስለ ጸረ ተባይ መድኃኒት፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ልጆች ክትባት የሚነግረው ራሱ ለቃሚው ወይም የለቃሚው ልጅ ነበር። የኢሚግሬሽን ፖሊስ አሰሳ ሲወጣ ደግሞ በዜና አይናገሩም፤ ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ዘፈን ይለቃሉ፣ ማሳ ላይ ያለው ሰው ይሰወራል ይባላል። እውነት ባይሆን እንኳ ለሬዲዮ የሚገባ ወሬ ነው።

መቱ ከዚህ ጋር ስትተያይ የምታናድደው በኃይሉ ነው። 100 ኪሎ ዋት ማለት አንድን ክፍለ ሀገር ሞልቶ የሚፈስስ ጉልበት ነው። ግን የማሰራጫው ሥራ ከአዲስ አበባ የመጣውን ማድረስ ነበር። ግሬንጀር ያላት ማይክ ነው፤ የመቱው ማማ ነው። የመቱ ማማ የመቱን ገበያ የቡና ዋጋ ቢነግር ከአዲስ አበባ ዞሮ የመጣውን ነው። ይህ የሚቆጨኝ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁሩሙ ስላለች ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ የተወለደው እዚያ አካባቢ ነው። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ፣ በአስቴር ጋኖ እየታገዘ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመው፤ ያውም በግዕዝ ፊደል። የሬዲዮ ጣቢያ የሚባል ነገር ዓለም ላይ ከመታወቁ በፊት የኢሉባቦር ሰው ቋንቋ መጽሐፍ ሆኖ ታትሞ ነበር ማለት ነው።

ሆኖም ማማውን ያለ ቅጥ እንዳልረግመው የሚያደርጉኝ ሰፋሪዎቹ ናቸው። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የተጫነው ሕዝብ ወደ 600 ሺህ ይጠጋል፤ ከፊሉ ኢሉባቦር ወረደ። ጫካ መሀል፣ ቋንቋው በማይሰማበት አገር ለተጣለ የወሎ ገበሬ ከሬዲዮ የሚወጣው አማርኛ ምን እንደነበር መገመት አያቅትም። ለእሱ የግሬንጀር ካዴና ይህ ነበር፤ ልዩነቱ ዜና አንባቢው የእሱን መንደር ስም አለመጥራቱ ነው። የሬዲዮ ድንጋይ ውድ ነበርና ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። በኢሉባቦር ክረምት ግን ፀሐይ ከየት ይመጣል? ምድጃ ዳር ይደረደራል። የሞቀው ድንጋይ በጨርቅ ተይዞ ይመለሳል፣ ክዳኑ በጎማ ይታሰራል፣ አንባቢው ሳል እንደያዘው ሰው ጀምሮ ቀስ በቀስ ጉሮሮው ይጠራል። የአጭር ሞገድ ጣቢያ በእንዲህ ያለ ድንጋይ ከነጭራሹ አይያዝም፤ መቱ ግን ቅርብ ስለነበረች ትመጣለች። ያመሹ ጎበዞች ድምፁን ዝቅ አድርገው ዶይቸ ቬለን ወይም ከ1975 ዓ.ም. ወዲህ የአሜሪካ ድምፅን ለመስማት አዲስ ድንጋይ ይቆጥቡ ነበር።

መቱ ለምን ተመረጠች ለሚለው እንግዲህ የእኔ ግምት ድንበሩ ነው። የጋምቤላ አውራጃ ያን ጊዜ የኢሉባቦር ነበር፤ ባሮን ተሻግሮ ሱዳን ነበር፤ የማታ ሞገድ ደግሞ ኬላ አያውቅም። በሬዲዮ የመጎሻሸም ዘመንም ነበር። የደቡብ ሱዳኑ አማፂ የጆን ጋራንግ ድርጅት ሬዲዮ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ከኢትዮጵያ መሬት በእንግሊዝኛ፣ በዓረብኛና በደቡብ ሱዳን ቋንቋዎች ይናገር ነበር፤ ካርቱም ውስጥ እንኳ ተደብቆ የሚያዳምጠው ነበረው። እሱ የሚታወቀው በአጭር ሞገዱ ስለሆነ 684ን አይመለከትም። ግን የጎረቤት ጆሮ ውድ በሆነበት ወቅት ባሮ አጠገብ 100 ኪሎ ዋት መትከል ለአፈሩ እርጥበት ሲባል ብቻ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ የለም። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ለወታደር ጉዳይ ከሆነ ጎሬ አልተናቀችም።

ደግሞም መቱን የጠቀማት ሬዲዮ ሳይሆን ቴሌቪዥን ነው፤ ያውም የጀርመን። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ካርልሃይንዝ በም የተባለው ተዋናይ በአንድ የውርርድ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ፣ ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ ለሳህል ድርቅ አንድ ማርክ አይሰጥም ሲል ተወራረደ። ተሳስቼ ከተገኘሁ ራሴ አፍሪካ ሄጄ እረዳለሁ አለ። አልተሳሳተም፤ የሰጠው ሰው ከሦስት አንድ አልሞላም። ቢሆንም 1.2 ሚሊዮን ማርክ ተሰበሰበና፣ ውርርዱን ያሸነፈው ሰውዬ በቀጣዩ ጥቅምት ላይ ኢትዮጵያ ገባ። በባቢሌ ጀመረ፣ ኢሉባቦር ደረሰ፤ መቱ ላይ ሆስፒታሉ ዛሬም በስሙ ካርል ይባላል።

እዚያ ወረፋ ሲጠብቅ ያገኘሁት አንድ ሰው ካርል ትልቅ ሐኪም ነበር ብሎ ድርቅ አለ። የለም፣ የፊልም ሰው ነው፤ እንዲያውም ዝናው የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍን ሆኖ በመጫወቱ ነው አልኩት። ሰውየው ጥቂት አሰበና «ታዲያ ንጉሥ ከሆነ ሆስፒታል ቢሠራ ምን ያስገርማል?» አለኝ።