ኔትወርክ አልነበረም

ሁለት ቀን ሙሉ «ኔትወርክ ነው፣ ታገሱን» ስንላችሁ ሰነበትን። ዋሽተናል። ጋዜጠኝነት ተምረን ምንጭ ሳናጣራ!

ወደ ስልካችሁ የሚመጣው የዜና ማሳወቂያ ተራውን የሚጠብቀው አክቲቭኤምኪው ላይ ነው። መብራት ቢጠፋ መልእክቱ አብሮ እንዳይጠፋ ደግሞ ወረፋው ማይኤስኪውኤል ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱን የሚያገናኘው ድራይቨር ጠፋና ወረፋው አልነሳ አለ። እኛም የይለፍ ቃል ቀየርን፤ ሰርቨሩን አጥፍተን አበራን (የሁላችንም መድኃኒት)። ሎጉ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ «ክላስ ኖት ፋውንድ» እያለ ይጮህ ነበር።

እንዴት ይጠፋል? ካራፍ ዲፕሎይ ፎልደር ውስጥ በገዛ እጃችን አስገብተነዋል። «ሊስት» ብለን ስንጠይቅም «አክቲቭ» ነው ይለናል።

ለካ ካራፍ ውስጥ ባንድሎች እንደ ተከራይ ናቸው፤ አንድ ግቢ ስለኖሩ ብቻ ዕቃ አይጋሩም። አክቲቭኤምኪው የድራይቨሩን ፓኬጅ ኢምፖርት ስላላደረገ አጠገቡ ያለውን አያይም። ድራይቨሩን ኢምፖርት የሚያደርግ ትንሽ ባንድል ሠራን፤ እሱ ዳታሶርሱን በሰርቪስነት አስመዘገበ፤ አክቲቭኤምኪውም ከዚያ ተቀበለ።

የማክሰኞው ዜና ሐሙስ ማታ ደረሳችሁ። «ኔትወርኩ ተስተካከለ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁን፦ ኔትወርኩስ ምንም አልሆነም ነበር።