ካንዴላ፣ ፊልትሮ… ኢንጀክተሩንስ ማን ያስታውሰው?

የአዲስ አበባ ሰው ለመኪናው ምን ያደርጋል? ዘይት ይቀይራል፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያሳጥባል። ኢንጀክተር ግን ስሙ የሚነሣው መኪናዋ ስትታመም ብቻ ነው።

እኛ ሦስት ወንድማማቾች ያለችን አንዲት ቪትዝ ናት። ታላቃችን ቀን ቀን ታክሲ ይሠራባታል፤ የቤት ኪራያችን የሚወጣው ከእሷ ነው። እናም ባለፈው ክረምት ቀይ መብራት ላይ በቆመች ቁጥር እንደ ወባ በሽተኛ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ሦስታችንም ደነገጥን። ካንዴላ ተቀየረላት፣ ያው ናት። አንድ ጋራዥ “ኢንጀክተሮቹ ሞተዋል፣ አራቱንም ቀይሩ” አለን።

ሞተዋል? እስኪ ቆይ፣ ነገሩ ለመሆኑ ምንድነው?

ከኢንጀክተር በፊት ካርቡራቶር ነበር። ሰማያዊና ነጭ ላዳ የተሳፈራችሁ ታውቁታላችሁ። ሞተሩ አየር ሲስብ ቤንዚኑም አብሮ ይሳባል፣ በቃ። ካርቡራቶር ያለበትን አገር አያውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ፣ ቤንዚኑ ብዙ ይሆንና ሞተሩ ይታፈናል። አዳማ ሲወርድ ነፍስ ይዘራል።

ኢንጀክተር ግን በኮምፒውተር ይታዘዛል። ፓምፕ ቤንዚኑን ከሰልባትዮው ገፍቶ በ3 ባር ገደማ ግፊት (የጎማችሁ አየር ከዚህ ያንሳል) ያቀርብለታል። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ማግኔት ይሆንና መርፌዋን ያነሣታል፤ ቤንዚኑ በቀጫጭን ቀዳዳዎች እንደ ሽቶ ይረጫል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሞላው መልሶ ይዘጋታል። ሁሉም ነገር በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ያልቃል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ኢንጀክተር በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል! ኮምፒውተሩም የሚገባውን አየር እየለካ፣ የጭስ ማውጫው ላይ ባለው የኦክስጅን ሴንሰር እያረመ የመክፈቻውን ጊዜ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። እንጦጦ ብትወጡ፣ አዳማ ብትወርዱ ግድ የለውም።

ታዲያ ምን ይደፍነዋል? ሰው ሁሉ “ቆሻሻ ቤንዚን” ይላል። እሱም አለ፣ ግን ለእሱ ፊልትሮ ተቀምጦለታል። ብዙ የማይወራው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሚሆነው ነው። የሞተሩ ግለት ወደ ኢንጀክተሩ ጫፍ ይዘልቃል፤ እዚያ የቀረችው ጠብታ ቀላል ቀላሉ ይተንና ከባዱ፣ ምጣድ ላይ እንደቀረ ቅባት፣ ተጋግሮ ይለጠፋል። ማስነሣት፣ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር መሄድ፣ ማጥፋት… የከተማ ታክሲ ሥራ ይኸው አይደል? ቀዳዳው ሲጠብ አንዱ ሲሊንደር ይራባል። ኮምፒውተሩ ደግሞ የአንዱን ረሃብ የአራቱም አድርጎ ያየውና ለሁሉም ይጨምራል። መንቀጥቀጡም፣ ቤንዚን መብላቱም ከዚህ ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት የመሞከሪያ ማሽን ያለው ሌላ ጋራዥ ሄድን። አራቱን አሰልፈው በአራት የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አስረጯቸው። ሦስቱ እኩል ሞሉ፤ አራተኛው ወደ ኋላ ቀረ፣ አረጫጨቱም ጭጋግ ሳይሆን (ይቅርታ አድርጉልንና) የሕፃን ሽንት ነበር። ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው በአልትራሳውንድ ታጠቡ፣ የጎማ ቀለበቶቻቸው ተቀየሩ፣ እንደገና ተሞከሩ። አራቱም እኩል! ሂሳቡም ከአራት ኢንጀክተር ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

መቼም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ኤሌክትሪኩን እኛ አንጠላም፤ የሚጠላን ዋጋው ነው። ስለዚህ ያሉት ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት መሄድ አለባቸው።

ናፍጣ የምትነዱ ግን ለእናንተ ነገሩ ይከፋል። የዘመኑ ናፍጣ ሞተር ግፊት ከ1,600 ባር በላይ ይደርሳል፤ በዚህ ግፊት ውሃና ደቃቅ አሸዋ መርፌውን ይበሉታል፣ የተበላ ብረት ደግሞ በእጥበት አይመለስም። ፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ለመጨረሻ ጊዜ ያስፈሰሳችሁት መቼ ነው?